ስለ ዜማና ስለ ውል ትምህርት፤ ከአምቦና ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች ታሪክ

ጥበብን የሚማር ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ሊማር ይገባዋል። አንደኛው ጥበቡን ራሱን መሥራት ነው፤ ሁለተኛውም የሠራውን መጠበቅና ዋጋውን ማወቅ ነው። ሸማኔው ድር ከማድራት ጋራ የሸማውን ዋጋ ይማራል፤ ገበሬውም ከመዝራት ጋራ ጎተራ መሥራትንና ገበያ መውጣትን ከአባቱ ይማራል። የዜማ ሰው ግን በአገራችን ብዙ ዘመን አንደኛውን ብቻ ሲማር ኖረ። ድምፁን እንዴት እንደሚያወጣ የሚያስተምረው አላጣም፤ ድምፁ በሸክላ ከታተመ በኋላ የማን ገንዘብ እንደሚሆን የሚያስረዳው ግን አላገኘም። ይህ ነገር ከምን እንደ ተነሣና ምን እንዳስከተለ ለመመርመር ምሳሌውን ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። አምቦና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ሦስት ታላላቅ ሰዎችን ለጥበብ ሰጥተዋል፤ እነርሱም ጥላሁን ገሠሠ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንና ሃጫሉ ሁንዴሳ ናቸው። የሦስቱ ሰዎች ታሪክ ተያይዞ ሲነበብ የዚህን ጥያቄ መልስ በከፊል ይሰጣል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የወለጋን መንገድ የያዘ መንገደኛ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት በልጦ፣ በማዕድን ውሃዋ የታወቀችውን አምቦን ያገኛል። ይህች ከተማ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ከእርስዋ ቀጥሎ ጉደር አለች። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ የምትቆጠረው ወሊሶ ደግሞ በጅማ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ቀድሞ ግን ከእነዚህ ከተሞች ጋራ በአንድ ግዛት ትቆጠር ነበር።

በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ ዜማ የሚገኝባቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሊከትሙባት አስበው በነበረችው በአዲስ ዓለም ያሠሯት የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በሌሎቹም ከተሞች ያሉት አድባራት፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት የተነሣው የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሲዜምባቸው ኖረዋል። ይህ ትምህርት ብዙ ዓመት የሚፈጅ ነው። ተማሪው ጾመ ድጓውን፣ ድጓውን፣ ዝማሬውንና መዋሥዕቱን ይቀጽላል፤ በድጓ ምስክር ለመሆን የሚሻም እስከ ጋይንት ቤተ ልሔም ተጉዞ ከመምህሩ ፊት መቆም አለበት። ሁለተኛው ትምህርት ቤት የሜዳው ነው። የኦሮሞ ልጅ ከብት ሲያግድ ከታላላቆቹ ዜማ ይሰማል፤ ጀግንነትና ብሶት የሚነገርበትን ገራርሳ በጆሮው ተቀብሎ በልቡ ይይዘዋል። በዚህ ትምህርት ቤት ወረቀት የለም፤ ፈተናው ግን የሕዝብ ጆሮ ስለ ሆነ ቀላል አይደለም።

በሁለቱም ዘንድ ስለ ገንዘብ የሚያስተምር መምህር አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የዜማ ሰው ያለ መተዳደሪያ አልቀረም። ድጓ ያወቀ ደብተራ ስለ አገልግሎቱ የሰሞን መሬት ይይዝ ነበር፤ ይህም ሥርዓት መሬት ሁሉ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት እስከ ሆነ ድረስ ቆይቷል። አዝማሪውም የሚያሞግሰው ጌታ ያበላውና ያለብሰው ነበር፤ ገራርሳ የሚያሰማው ገበሬም እርሻው ይመግበዋል። ከዚህ በላይ አንድ ሌላ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን ድምፅ ከሰውየው ተለይቶ አይሄድም ነበር። ዘፋኙ በሌለበት ዘፈኑን ለመሸጥ የሚችል አልነበረም። ስለዚህ አባቶቻችን የድምፅ ባለቤትነትን የሚመለከት ትምህርት ያላቆሙት ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ የሚያስፈልግበት ምክንያት ገና ስላልመጣ ነው።

ምክንያቱ የመጣው ከሸክላ ጋራ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ዜማ ከባለቤቱ ጉሮሮ ተለይቶ በሳጥን ተጭኖ ባሕር የሚሻገር ዕቃ ሆነ። ዕቃም በሆነ ጊዜ፣ ይህ ዕቃ የማን ነው የሚል ጥያቄ አብሮት ተወለደ። ጥያቄው ግን መልስ ሳያገኝ ከአምሳ ዓመት በላይ ቆየ።

በመካከሉ የሙዚቃ ትምህርት በመንግሥት በኩል እየሰፋ ሄደ። በ1916 ዓ.ም. አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ከጠላት ወረራ በኋላም ክብር ዘበኛው፣ ጦር ሠራዊቱና ፖሊሱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አቋቋሙ። ኋላ በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ተከፍቶ ኖታና መሣሪያ ማስተማር ጀመረ። ይህ ሁሉ ያማረ ሥራ ነበር። ሆኖም በየሙዚቃ ክፍሉ የተቀጠረው ዘፋኝ የወር ደመወዝተኛ ነበር፤ ድምፁም እንደ ዘበኝነትና እንደ ጽሕፈት የመሥሪያ ቤቱ አገልግሎት ሆኖ ይቆጠር ነበር። በ1940 ዓ.ም. ገደማም ሸክላ ከውጭ የማስመጣትና በአገር ውስጥ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። አንድ በር ብቻ ባለው ገበያ ሻጭ ዋጋ አይቆርጥም፤ ዘፋኙም ስለ ድምፁ ተከራክሮ መዋዋል የሚማርበት ስፍራ አልነበረውም።

የወሊሶው ልጅ የጥላሁን ገሠሠ ታሪክ በዚህ ዘመን ይጀምራል። ጥላሁን በ1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ፣ አያቱ ወደ ወሊሶ ወስደውት በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ። የሀገር ፍቅር ሰዎች ወደዚያ ትምህርት ቤት በመጡ ጊዜ ብላቴናው ስለ ዘፈን ፍላጎቱ ለኢዮኤል ዮሐንስ ነገረው፤ ኢዮኤልም ዘፋኝ ለመሆን ብትሻ ወደ አዲስ አበባ መምጣት አለብህ ብሎ መለሰለት። ልጁም ይህን ቃል ይዞ በእግሩ ተነሥቶ ቱሉ ቦሎ በደረሰ ጊዜ ዘመዶቹ መለሱት፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን በጭነት መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ። በመጀመሪያ በሀገር ፍቅር፣ በኋላም በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል አገልግሎ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሆነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በከሸፈ ጊዜም፣ ክብር ዘበኛው በነገሩ ስላለበት፣ ዘፋኙ ለጊዜው ታስሮ ነበር። ደመወዝተኛ ዘፋኝ የጌታውን ክብር ሲካፈል መከራውንም እንደሚካፈል ይህ ያስረዳል።

ጥላሁን በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ በመንግሥት ሥርዓት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ሕዝቡ የሚገባውን ክብር ሰጠው። እኛ ግን ከክብሩ ቀጥለን አንድ ነገር እንጠይቅ። ያ ከወሊሶ በእግሩ የወጣ ብላቴና ድምፁን የሚያርምለት፣ ቅኝት የሚያሳየው፣ ግጥምና ዜማ የሚሰጠው ብዙ ሰው አግኝቷል። ድምፅህ ሲቀረጽ ምን ፈረምህ፣ ስንት ጊዜ ይታተማል፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ምን ይደርስሃል ብሎ የሚያስተምር ተቋም ግን በዚያ ዘመን ለእርሱም ለባልንጀሮቹም አልነበረም።

ሁለቱን ትምህርት አንድ ላይ የያዘ ሰው ከፈለግን ከአምቦ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ቦዳ እንመለስ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በነሐሴ 1928 ዓ.ም. በዚያ ተወለደ። እንደ አገሩ ልጆች ከብት አግዷል፤ ግዕዝም ተምሯል፤ በአምቦ ተማሪ ሳለም ተውኔት ጽፎ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ የተማረው ትምህርት ለነገራችን ታላቅ ቁም ነገር አለው። በአዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ቆይቶ ወደ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገባ። ቀጥሎም በቺካጎ ከሚገኘው የብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት በ1951 ዓ.ም. ገደማ በሕግ ተመረቀ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ሎንዶንና ወደ ፓሪስ ሄዶ በሮያል ኮርትና በኮሜዲ ፍራንሴዝ የተውኔት ጥበብን ተመለከተ። እነሆ፣ ንግድ፣ ሕግና ጥበብ በአንድ ሰው ተገናኙ።

የዚህ ትምህርት ፍሬ በሥራው ታየ። ጸጋዬ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውን የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትርን ሲመራ የባለቅኔና የአስተዳዳሪ ሥራ በአንድ ሰው ላይ ወደቀ። ያ ቤት የራሱ የሙዚቃ ጓድ ነበረው። እንዲህ ያለውን ቤት የሚመራ ሰው ግጥም ከማረም ጋራ የመግቢያ ገንዘብ መቁጠር፣ የተዋንያንና የሙዚቀኞችን ደመወዝ ማሰናዳት፣ ውል ማንበብ ግድ ይሆንበታል። ጸጋዬ ግን ይህን ሁሉ ሲሠራ ባለቅኔነቱ አልደከመም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ በኋላም የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር የሆነው ግጥም የእርሱ ድርሰት ነው፤ ዜማውን የደረሰለት ኬንያዊው አርተር ኬሞሊ ነው። ሒሳብና ሕግ ማወቅ የጥበብን እሳት ያጠፋል የሚል ሰው ቢኖር፣ በ1998 ዓ.ም. አርፎ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው የቦዳው ባለቅኔ በቂ መልስ ነው።

ሕግና ንግድ ለዜማ ምን እንደሚሠሩ የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ በአዲስ አበባ አለ። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና ሃያ አራት ዓመቱ ሳለ፣ የሀገር ፍቅርን ብቸኛ መብት ተዳፍሮ አምሃ ሬኮርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ሕትመቱንም በህንድ አገር አስደረገ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ነጠላ ሸክላና 12 ረጅም ሸክላ አወጣ። በሰባት ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ የወጣው ዘፋኞቹ በዚያ ዘመን በድንገት ስለ በዙ አይደለም፤ የሚዋዋላቸው፣ የሚከፍላቸውና ገበያ የሚያወጣላቸው ሰው ስለ ተገኘ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ሙዚቃ ኢትዮጲክስ በሚል ስም በፓሪስ እንደ ገና ለማሳተም በተነሣ ጊዜ ወደ አምሃ ሄዶ የተስማማውም፣ አምሃ የሥራው ባለመብት መሆኑ የታወቀ ስለ ነበረ ነው። የሙላቱ አስታጥቄ ዜማም በ1997 ዓ.ም. በወጣ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተሰምቶ ዓለም አወቀው። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ዘፈን ከተቀረጸ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ገንዘብ ሊያስገኝ እንደሚችልና ገንዘቡም ውሉ ወደ ተጻፈለት ሰው እንደሚሄድ ነው።

ከሸክላው በኋላ ካሴት መጣ። ካሴት ዘፈንን ወደ ገጠር ከተሞች ሁሉ አደረሰ፤ በጊንጪ ገበያም በጉደር ሻይ ቤትም ተሰማ። ነገር ግን ሸክላን ለማተም ፋብሪካ ሲያስፈልግ፣ ካሴትን ለመገልበጥ ሁለት ቴፕና አንድ ሌሊት ይበቃል። አንዱን ገዝቶ መቶ የሚያባዛ ነጋዴ ለደራሲው፣ ለዘፋኙና ለአሳታሚው ምንም ሳይከፍል ያተርፍ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1647 እስከ 1674 ባሉት ቁጥሮች ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ቢደነግግም፣ ለእንዲህ ያለው ዘመን የሚበቃ አልሆነም።

በመጨረሻም በ1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ፤ ባለመብቶች ማኅበር አቋቁመው ክፍያቸውን በጋራ እንዲሰበስቡም መንገድ ተከፈተ። መብትን እያወቀ የሚጥስ ሰው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣም ተደነገገ። አንባቢ ሆይ፣ የሕጉን ቁም ነገር በአንድ ዘፈን ምሳሌ እንመልከተው። በአንድ ዘፈን ውስጥ ግጥሙ የገጣሚው ነው፤ ዜማው የዜማ ደራሲው ነው፤ አዘፋፈኑ የድምፃዊው ነው፤ የተቀረጸው ድምፅ የአሳታሚው ነው። እነዚህ አራት መብቶች በአንድ ሰው እጅ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአራት ሰዎች እጅም ሊሆኑ ይችላሉ።

የመብቶቹም ዕድሜ አንድ አይደለም። የገጣሚውና የዜማ ደራሲው መብት በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ ይቆይና ከሞቱም በኋላ ለወራሾቻቸው ሃምሳ ዓመት ይተርፋል። የድምፃዊው ሃምሳ ዓመት ግን የሚቆጠረው ድምፁ ከተቀረጸበት ዘመን ጀምሮ ነው። በሃያ ዓመቱ አንድ ዘፈን ያስቀረጸ ድምፃዊ ሰባ ዓመት ሲሞላው፣ ጉልበቱ በደከመበትና ረዳት በሚሻበት ሰዓት፣ የዚያ ዘፈን መብቱ ያልቅበታል ማለት ነው። ግጥሙን ወይም ዜማውን ራሱ ደርሶት ከሆነ ግን ለልጆቹ ያወርሰዋል። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ወደ ከተማ የሚወርድ ባለ መልካም ድምፅ ልጅ ምን ያህል እንደሚጎዳ ብልህ አንባቢ ይመዝነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የአምቦው የሃጫሉ ሁንዴሳ ታሪክ ልዩ ትርጉም አለው። ሃጫሉ በ1978 ዓ.ም. በአምቦ ተወለደ፤ በልጅነቱም ከብት ሲጠብቅ ይዘፍን ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ በ1995 ዓ.ም. በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ በአምቦ ወህኒ ቤት አምስት ዓመት ተቀመጠ። ሌላው ዕድሜውን በትምህርት ቤት በሚያሳልፍበት ዘመን እርሱ ከእስረኞች ጋራ ሆኖ ግጥምና ዜማ መድረስን ተማረ፤ የመጀመሪያው አልበሙ ዘፈኖችም በዚያ ተጠነሰሱ። በ2000 ዓ.ም. ተፈትቶ በዓመቱ ሰኚ ሞቲ የተባለውን አልበም አወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. ዋኤ ኬኛ ተከተለ። በኋላም ነጠላ ዘፈኖቹ በኢንተርኔት በኩል በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው ደረሱ። አምቦ በሜዳዋና በወህኒ ቤትዋ የድርሰቱን ትምህርት ሰጠችው፤ የገበያውን ትምህርት ግን በራሱ ጥረት መፈለግ ነበረበት።

ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ፤ ሰኔ 25 ቀንም በተወለደባት በአምቦ ተቀበረ። ከሞቱ በኋላ በዓመቱ ማል መሊሳ የተባለው አልበሙ ታትሞ ወጣ። አንድ ሰው ከመቃብር በታች ሳለ ድምፁ አዲስ ሥራ ሆኖ ወደ ገበያ ሲገባ፣ ስለ ባለቤትነት የተነገረው ሁሉ የሕግ ሰዎች ጨዋታ ሳይሆን የሙት ልጆች እንጀራ መሆኑ ይገለጣል። በሕጉ ሒሳብ መሠረት እርሱ ራሱ የደረሳቸው ግጥሞችና ዜማዎች መብት እስከ 2062 ዓ.ም. ድረስ ለወራሾቹ ይጠበቃል። አባታቸውን በሕፃንነታቸው ያጡ ልጆች ጎልማሳ ሆነው የራሳቸውን ልጆች እስኪያሳድጉ ድረስ ነው።

ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ? ዜማን ከገንዘብ ጋራ ማንሣት የማይገባ የሚመስለው ሰው በመካከላችን ይኖራል፤ አሳቡም ከመልካም ልብ ስለሚመነጭ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። ነገር ግን አባቶቻችን ለደብተራው የሰሞን መሬት የሰጡት ዜማው ስለ ረከሰባቸው አልነበረም፤ ማሕሌቱ እንዳይቋረጥ የቋሚውን ቤት መጠበቅ እንዳለባቸው ስላወቁ ነው። በድጓ ትምህርትም ምስክር የተባለውን ሥርዓት ያቆሙት፣ ማን ምን እንደሚያውቅ በሰው ፊት የታወቀ እንዲሆን ነው። የዛሬው ውል ለዛሬው ዘፋኝ የሰሞኑን መሬት ስፍራ ይይዛል፤ በስም የተመዘገበ ድርሰትም እንደ ምስክር ነው። መልኩ ተለወጠ እንጂ ጥበቡ የአባቶቻችን ነው።

ስለዚህ የዜማ ትምህርት በሚሰጥበት ስፍራ ሁሉ ጥቂት ሰዓት ለዚህ ጉዳይ ቢለይ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁ ውል ማንበብን፣ ግጥምና ዜማ የደረሰበትን ቀንና የደራሲውን ስም መጻፍን፣ ለዘመን የተወሰነ ፈቃድን ለዘላለም ከመሸጥ መለየትን፣ ገቢና ወጪ መመዝገብን ይማር። አምቦ ለዚህ የሚሆን መሠረት አላት። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረው ተቋም ዛሬ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የሕግና የንግድ ሊቃውንት በየከተማው አሉ፤ የድጓ መምህራንም አሉ፤ ገራርሳ የሚያውቁ ሽማግሌዎችም አላለቁም። የጎደለው እነዚህን ሁሉ በአንድ ወንበር ዙሪያ የሚሰበስብ ሰው ነው።

ዛሬም በጊንጪ ወይም በጉደር ከብት እያገደ የሚያዜም ልጅ ይኖራል። ነገ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ እንደ ጥላሁን በእግሩ መሄድ አያስፈልገው ይሆናል፤ በስልኩ የቀረጸው ድምፅ በአንድ ሌሊት ከእርሱ ቀድሞ ይደርሳልና። ድምፁ ቀድሞት በሄደበት ሁሉ መብቱም እንዲከተለው አስቀድመን እናስተምረው።